ማለፉንስ አለፈ፤ ምን ትቶልን አለፈ?



በቀዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ መውጫዎች በአንደኛው ቆሞ መንገዱን የተመለከተ ሰው፣ አገር በሙሉ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሳይመስለው አይቀርም። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው አውቶቡስ መንገደኛውን ከነጓዙ ጭኖ ይወጣል፤ በግ ያጨቀው የጭነት መኪና ይገባል፤ በመካከላቸው ሚኒባሱ፣ ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ ቀዳዳ እየፈለጉ ይሽሎከለካሉ። በመንገዱ ዳር ደግሞ ቄጤማ በራሳቸው ያሰሩ እናቶች፣ በግ የሚጎትቱ ልጆች፣ አህያ የሚነዱ ገበሬዎች አሉ። ሲመሽም ነጠላውን ያጣፋ ምእመን በእግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል፤ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ፣ ገና ሳይነጋ፣ እንቅልፍ በተጫነው ዓይን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለእነዚህ ሁሉ ያለው መንገድ አንድ ነው። ባለመኪናው ስለ መኪናው፣ እግረኛው ስለ እግሩ፣ እረኛው ስለ መንጋው በየፊናቸው ያስባሉ እንጂ፣ መንገዱን በጋራ እንደተከራዩት ቤት ቆጥሮ «ጎረቤቴ እንዴት ይሆን?» ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር መንገደኛው ይበዛል፤ ችኮላውም ይበዛል፤ በመሆኑም ደስታ ይገባበት ዘንድ በተጠረገ ቤት ኀዘን ሲገባ እናያለን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ መንገድና ስለ አሽከርካሪ፣ በተለይም በየዕለቱ ስለምንሠራቸውና ፈጥነን ስለምንረሳቸው ጥቃቅን ስሕተቶች ጥቂት ለማለት ወደድን። የምንጀምረውም ከሌላው ሰው ስሕተት ሳይሆን ከራሳችን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚሁ በትንሣኤ ዋዜማ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ እየነዳን እንመለስ ነበር። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎናችን በልጅነታችን ፊደል ያስቆጠሩን አረጋዊ መምህር ተቀምጠዋል። ለሌሊቱ አገልግሎት መድረስ ነበረብን፤ ነገር ግን በወዳጅ ቤት ጨዋታ ይዞን በቀጠርነው ሰዓት አልተነሣንም። ጫጫንና ሸኖን አልፈን ወደ አለልቱ ስንቃረብ ፀሐይ ጠልቃ ዓይን ያዝ ማድረግ ጀመረ። በዚያ ጊዜ በግ የጫነ መኪና ከፊታችን ገጠመን፤ ዳገቱን በዝግታ ይወጣል። እኛም እጅግ ተጠግተን ተከተልነው፤ ከኋላው መብራት በቀር የሚታየን ነገር አልነበረም።

ጥቂት እንደ ሄድን ትዕግሥታችን አለቀ። ፍሬቻ አሳይተን ወደ ግራ ወጣን። ያን ጊዜ ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራቱን ለቀቀብን፤ ዓይናችን ጠፋ። መብራቱ ጋብ ሲል በግራ በኩል በአስፋልቱ ጠርዝ በግ የሚጎትት ልጅና ነጠላ የለበሰች እናቱ ከፊታችን ቆመው አየን። እነርሱ አላጠፉም፤ እንደ ሥርዓቱ መኪናን ፊት ለፊት እያዩ፣ ጥጋቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። ፍሬን ረግጠን፣ መሪውን ወደ ቀኝ መልሰን ከጭነት መኪናው ኋላ ተወሸቅን። በጉ ደንብሮ ገመዱን በጥሶ ወደ ማሳ ሮጠ፤ ልጁ ተከተለው። ማንም አልተጎዳም።

ልባችን ሲረጋ የመጀመሪያው ቃላችን ምስጋና ነበር፤ ሁለተኛው ግን ክስ ሆነ። «ይህ ሰውዬ በረጅም መብራት ባያሳውረን ኖሮ!» አልን። መምህራችን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ማለፉንስ አለፈ፤ ምን ትቶልህ አለፈ?» አሉን።

ጥያቄው አስጨነቀን። «የኔታ፣ ምን ይተዋል? እግዚአብሔር አውጥቶናል» ብንላቸው፣ «እሱማ አወጣህ። ያወጣህ ነገ እንድትደግመው ነው?» ብለው መለሱልን። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ ነገሩን ወደ ኋላ እየቆጠርን መረመርነው። የመጨረሻው ጥፋት ዓይናችን ጠፍቶ ሳለ ወደፊት መቀጠላችን ነበር። ከዚያ በፊት መንገዱን አጥርተን ሳናይ ለመቅደም ወጥተናል። ከዚያ በፊት ለማየት እስኪያቅተን ድረስ ተጠግተናል። የሁሉ መጀመሪያ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ዘግይተን መነሣታችን ነበር። የባለ ረጅም መብራቱ ሰው ድርሻ ቢኖረውም ከእኛ አራት ስሕተቶች ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ኋላም ሒሳቡን አሰላነው። ያ የጭነት መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድና እኛ በ80 ልንሄድ ብንችል፣ ለ5 ኪሎ ሜትር ያህል በትዕግሥት ብንከተለው የምናጣው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነበር። ለሁለት ደቂቃ ብለን እናትና ልጅን በሚዛን ላይ አስቀምጠን ነበር ማለት ነው። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ የፈሰሰ እህል ግን ይለቀማል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም አይለቀምም።

ይህን ያህል ስለ ራሳችን ካልን፣ ያላለፈለትን ሰው ነገር ደግሞ እናንሣ። በአንድ የበዓል ማግስት ለማጽናናት ወደ አንድ ኀዘንተኛ ቤት ሄደን ነበር። ለበዓሉ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ገና አልደረቀም፤ ለዶሮ ወጥ የተቀቀለው እንቁላል በሳህን ላይ እንዳለ ነው፤ በደጅ ግን ድንኳን ተተክሏል። ከቤቱ ልጆች አንዱ ከሱቅ ሲመለስ በዜብራ ላይ ተገጭቶ ነበር። የገጨው ወጣት የሰከረ አልነበረም፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። ታስሮ ሳለ ልንጠይቀው ሄደን ያለንን ቃል እስከ ዛሬ አንረሳውም። «አባቴ፣ ያን ቀን የተለየ ነገር አላደረግሁም፤ በየቀኑ የማደርገውን ነው ያደረግሁት» አለን። በዚያ ዜብራ ላይ በየቀኑ ሳይቆም ያልፍ ነበር፤ በየቀኑም እግረኞች ይሸሹለት ነበር። በየቀኑ ስላለፈለት ስሕተትነቱ ከልቡ ጠፋ። አንድ ቀን ግን ያልሸሸ ሕፃን ገጠመው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነንም ይኸው ነው። ብዙው የመኪና አደጋ ከማናውቀው አገር ድንገት የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ በየዕለቱ ከቤታችን እየወጣ የሚገባ፣ መልኩን የለመድነው ሰው ነው። ስሕተት ሠርተን ምንም ሳይደርስብን ስንቀር በዱቤ ወሰድን እንጂ በነጻ አልተሰጠንም። ስለዚህ ያለፈው ሳይጠየቅ ማለፍ የለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች ከማናቸውም በሽታ ቀድሞ ዋነኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ከሚሞቱት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በመኪና ውስጥ ያሉት ሳይሆኑ እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። እንግዲህ መንገድን መጋራት ማለት በዋናነት ብረት የለበሰው ሰው ብረት ላልለበሰው መጠንቀቅ ማለት ነው።

ከየዕለት ስሕተቶቻችን የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ 11 ሜትር፣ በ80 የሚሄደው ደግሞ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ ይህን ያህል መንገድ አልፏል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ደግሞ በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ የ40ው መኪና 9 ሜትር ያህል ሄዶ ሲቆም፣ የ80ው 36 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ዝናብ ሲጨመርበት ከዚህም ይረዝማል። በመኪና የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉም ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል ከአራት እጥፍ በላይ እንደሚጨምር ተጠንቷል። መሪ የያዘው ሰው ልዩነቱ አይሰማው ይሆናል፤ የእግረኛው አጥንት ግን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ተጠግቶ መንዳት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከፊት ያለው መኪና አንድን የመብራት ምሰሶ ሲያልፍ በእርጋታ መቁጠር ይጀመራል። ምሰሶው ጋር ሦስት ሰኮንድ ሳይሞላ ከደረስን እጅግ ተጠግተናል ማለት ነው። በማታና በዝናብ ቁጥሩ ከዚህ መጨመር አለበት። ርቀት ጠብቆ መንዳት ከአደጋ ከመከልከሉም በላይ ፊት ለፊት ያለውን ያሳየናል፤ ማየት የሚችል ሰው ደግሞ ለመቅደም አይደፋፈርም።

ሦስተኛው በኩርባና በዳገት ጫፍ ላይ ደርቦ መቅደም ነው። «መንገዱን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው መንገዱን ያውቀው ይሆናል፤ ከኩርባው ማዶ የሚመጣውን ግን አያውቅም። አራተኛው ስልክ ነው። እየነዳ በስልክ የሚነጋገር ሰው አደጋ የማድረስ ዕድሉ አራት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። የእንኳን አደረሰህ ጥሪ በበዓል ቀን ይበዛልና፣ ደዋዩ ወዳጅ «እየነዳህ ነው?» ብሎ ቢጠይቅና ቢዘጋ ከበዓል ስጦታ ሁሉ የበለጠውን ሰጠ ማለት ነው።

አምስተኛው የቁልቁለት ነገር ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ወይም የጣርማ በር ቁልቁለት ሲያዝ፣ ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ከሁሉ የከፋ ነው። ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅተኛ ማርሽ ያስገባሉ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ያወርደዋል።

ስድስተኛውና በዓልን የሚመለከተው እንቅልፍና መጠጥ ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው መስኮት በመክፈት ወይም ሬዲዮ በማስጮኽ እንቅልፍን አያባርርም፤ መድኃኒቱ መኪናውን ጥግ አቁሞ ጥቂት ማሸለብ፣ አለዚያም መሪውን ላልደከመ ሰው መስጠት ነው። መጠጥም እንዲሁ ነው። በባዶ ሆድ የተጠጣ ጠላና ጠጅ ፈጥኖ በደም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠጣ ቡና ንቁ ያስመስላል እንጂ ስካሩን አያወጣም። ስለዚህ እንግዳ የጠራ ባለቤት «አንድ ጨምር እንጂ!» ከማለቱ በፊት እንግዳው በምን እንደሚመለስ ቢጠይቅ ሙሉ መስተንግዶ አደረገ ይባላል።

መንገድ የሚጋሩት ሁሉም ናቸውና እግረኛውንም ሳንመክር አናልፍም። በአገራችን መኪና በቀኝ መንዳት የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በግራ ይነዳ ነበር። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ስፍራ እግረኛ በግራ ጠርዝ ሲሄድ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል፤ በቀኝ ሲሄድ ግን ሞቱ ከኋላው ይመጣል። በማታ ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ከላይ መልበስ ከሩቅ ያስለያል። ከቆመ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ፊት ብቅ ብሎ መሻገር እጅግ አደገኛ ነው፤ ሕፃንን ሲያሻግሩም መኪና በማይመጣበት በኩል እጁን ይዞ ማሻገር ይገባል። በግ የሚነዳ ሰው ከተቻለ መንጋውን ከፊትና ከኋላ በሁለት ሰው ይጠብቅ። አሽከርካሪውም አንድ በግ ከተሻገረ ሌሎቹ እንደሚከተሉት አውቆ ይቁም፤ ክላክስ እንስሳትን ያስደነብራል እንጂ መንገድ አያስለቅቅም።

ተሳፋሪም ከኀላፊነት ነጻ አይደለም። «ኧረ ንዳው፣ መሸብን!» የሚለው ድምፅ ከኋላ ወንበር የሚመጣ ነዳጅ ነው። ጭነቱ በዚህ ሰዓት ይድረስልኝ ብሎ የሚያስጨንቅ ባለንብረትም፣ ሰው ደራርቦ የሚጭን ረዳትም የዚያው ማኅበር አባላት ናቸው። በአንጻሩ «ወንድሜ፣ ቀስ በልልን፤ ብንዘገይ አንቀየምህም» የሚል አንድ ሽማግሌ በአውቶቡስ ውስጥ መገኘቱ ብዙ ነፍስ ያድናል። የደህንነት ቀበቶም ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው በአደጋ የመሞት ዕድሉን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ብቻ የሚሳብ ጌጥ መሆኑ ይቅር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አደጋ ቢደርስስ? የሰው ልክ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። መኪናን አቁሞ የሚመጡትን ማስጠንቀቅ፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ለፖሊስ በ991 መደወል፣ እሳት ወይም ሌላ የባሰ አደጋ ከሌለ የተጎዳውን አንገትና ጀርባ እንዳይጎዳ እየጎተቱ አለማንሣት፣ የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መያዝ የማንም ሰው ግዴታ ነው። የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ግዴታ ከሆነ ወዲህ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የሚያገኝበት ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ስለዚህ ገጭቶ ማምለጥ በወንጀል ላይ ወንጀል፣ በኀዘን ላይ ኀዘን መጨመር ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች የደበደቡትን መንገደኛ ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። እኛን አገልጋዮችን ሁልጊዜ የሚያሳፍረን፣ አይተው ካለፉት መካከል የመጀመሪያው ካህኑ መሆኑ ነው። እርሱም ምናልባት ለአገልግሎት ቸኩሎ ይሆን? እኛም ያን ምሽት የቸኮልነው ለአገልግሎት ነበር። ቸርነት የሌለበት ችኮላ ግን ወዴትም ቢሆን አያደርስም።

በመጨረሻም ከስሕተት እንዴት እንማር? በአውሮፕላን ሙያ አደጋ ያልደረሰበት ስሕተት ሳይቀር ይነገራል፣ ይመዘገባል፣ ይመረመራል፤ ዓላማውም ተናጋሪውን መቅጣት ሳይሆን ሁለተኛ እንዳይደገም ነው። እኛ በመኪና የምንሄደው ግን «ተረፍኩ» የሚለውን ታሪክ እያሳመርን እንደ ጀግንነት እናወራዋለን። ይህ ልማድ ቢለወጥ መልካም ነው። አሽከርካሪ ማታ ቤቱ ሲገባ ለባለቤቱ ወይም ለባልደረባው «ዛሬ እዚህ ቦታ ተሳስቼ ነበር» ቢል አያፍርበት። ሲናገርም የሌላውን ጥፋት ሳይሆን የራሱን ይቁጠር፤ የሌላውን መሪ ነገ አይዘውምና። ስሕተቱን ወደ ኋላ እየተከተለ «መጀመሪያ የትኛውን ባላደርግ ኖሮ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ቀደም ብሎ መነሣት፣ መተኛት ወይም አለመጠጣት ሆኖ ይገኛል። መንገድ የዘጋንበት ሰው ሲቆጣንም በክላክስ ከመመለስ ይልቅ እጅ ነሥተን ይቅርታ ብንጠይቅ ቁጣው ሌላ አደጋ ሳይወልድ ይበርዳል።

እነሆ፣ ከዚያ ምሽት ወዲህ መኪናችንን አቁመን ቁልፉን ከመንቀላችን በፊት የኔታ ጥያቄ ወደ ጆሯችን ይመጣል፤ ማለፉንስ አለፈ፤ ምን ትቶልህ አለፈ? አንዳንድ ቀን መልስ አለን፤ አንዳንድ ቀን እናፍራለን። ያ በግ የሚጎትት ልጅ ዛሬ አድጎ ጎልማሳ ሆኖ ይሆናል፤ ስማችንን አያውቅም፤ እኛም ስሙን አናውቅም። ነገር ግን በዚያ በግ ቤተ ሰቡ በዓሉን እንደ ፈሰከ እናስባለን፤ ባሰብንም ቁጥር እግራችን ከነዳጅ መስጫው ላይ ይላላል።

በዚህ በዓል ወደ ዘመድ የምትሄዱ፣ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሱ፣ ሕዝብና ጭነት የምታጓጉዙ ሁሉ፣ ከሁለት ደቂቃ ይልቅ የሚጠብቃችሁን ሰው አስቡ። ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ወጡ ይሞቅለታል፤ ቦታውም አይያዝበትም።

መልካም በዓል ይሁንልን።